ቢሪያ በፕሬሸር ኩከር፦ ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቢሪያ የሜክሲኮ ቀይ የሥጋ ወጥ ነው። መነሻው ሃሊስኮ የሚባለው ግዛት ነው፤ እዚያ በፍየል ይሠሩታል። የበሬ ሥጋውን ገናና ያደረገችው ደግሞ ድንበር ላይ ያለችው ቲዋና ናት። በተራ ድስት ሦስት፣ አራት ሰዓት ይፈጃል። ፕሬሸር ኩከር ጊዜውን በጣም ያሳጥረዋል። ግን እንደ ተራ ድስት ከፈት አድርጎ መቅመስ፣ ማማሰል፣ ማስተካከል የለም። ክዳኑ ከተዘጋ ተዘጋ ነው።

በወጥ በርበሬ መተካት

ይሄ ትልቁ ስህተት ነው። ቢሪያን የሚያቀላው ጓሂዮና አንቾ የሚባሉ ደረቅ ዛላዎች ናቸው። ብዙም አያቃጥሉም፤ አንቾማ ወደ ዘቢብ የሚጠጋ ጣዕም አለው። መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ጓሂዮ አጣሁና ሁለት ማንኪያ በርበሬ ጨመርኩ። እህቴ አንዴ ቀመሰችና «ይሄማ ቀይ ወጥ ነው» አለች። እውነቷን ነው። በርበሬያችን ውስጥ ኮረሪማው አለ፣ በሶብላው አለ። አሜሪካ ያላችሁ የሜክሲኮ ግሮሰሪ ሂዱ፣ በከረጢት ታገኙታላችሁ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ያልተፈጨ ዛላ በርበሬ ገዝታችሁ ፍሬውን በደንብ አራግፉ። ያቃጥላልና መጠኑን ቀንሱ፤ ቅላቱን በቲማቲም ሙሉት።

ዛላውን ማሳረር

በደረቅ መጥበሻ በአንድ ጎን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይበቃዋል። ሽታው ወጣ ሲል አንሱት። ከጠቆረ ይመራል፤ ያንን ምሬት ምንም አያነሳውም። ጣሉትና እንደ አዲስ ጀምሩ። ከዚያ በሙቅ ውሃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ከቲማቲም፣ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከከሙን፣ ከኦሬጋኖ፣ ከትንሽ ቀረፋ፣ ከሁለት ፍሬ ቅርንፉድና ከአንድ ማንኪያ አቼቶ ጋር ፍጩት። በወንፊት አጥሉት። የጓሂዮ ቆዳ ወፍራም ነው፤ ካልተጠለለ አፍ ውስጥ ይቀራል።

ለጥብስ የሚሆን ሥጋ መግዛት

ጭቅናና ሽንጥ እዚህ ብር ማባከን ነው። ደርቆ ይወጣል። ባለጅማቱን፣ ወርች፣ ፍሪምባ ወይም ጎድን ከነአጥንቱ ግዙ። ጅማቱ ሲቀልጥ ነው መረቁ ከንፈር ላይ ጣበቅ የሚለው። ደግሞ አታድቅቁት፤ የቡጢ ግማሽ የሚያህል ይሁን።

ውሃ ማብዛት

እንፋሎቱ ስለማይወጣ መረቁ አይመጥም። ሥጋውም የራሱን ውሃ ይለቃል። ለአንድ ኪሎ ተኩል ሥጋ ሁለት ኩባያ ይበቃል። በተቃራኒው የተፈጨውን የዛላ ድልህ ብቻውን ሥር ላይ ካፈሰሳችሁት ይይዛል። ሥጋውን ጠበስ ካደረጋችሁ በኋላ ትንሽ ውሃ ጨምራችሁ ሥሩን በእንጨት ማማሰያ ፋቁት፣ ከዚያ ድልሁን አፍሱ። ድስቱን ከሁለት ሦስተኛው በላይ አትሙሉት።

የሌላ አገር ሰዓት መከተል

ብዙው አሠራር 45 ደቂቃ ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ፕሬሸር ኩከሩም ውስጡ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ያነሰ ይሞቃል። ወደ አንድ ሰዓት አስጠጉት። ሜክሲኮ ሲቲም 2,240 ሜትር ላይ ናት፣ ነገሩ አንድ ነው።

እንፋሎቱን በአንዴ መልቀቅ

እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ግፊቱ በድንገት ሲወርድ መረቁ ይገነፍላል፣ ሥጋውም ውሃውን ተፍቶ ይጠነክራል። እሳቱን አጥፍታችሁ 15 ወይም 20 ደቂቃ ተዉት። ክዳኑ እምቢ ካለ በጉልበት አትክፈቱት፤ ውስጡ ገና ግፊት አለ።

ላይ የሰፈፈውን ቀይ ስብ መድፋት

ጭልፋ ውሰዱና ለብቻው ቅዱት። የበቆሎ ቶርቲያውን (የሜክሲኮ ስስ ቂጣ) እሱ ውስጥ ነከር አድርጋችሁ መጥበሻ ላይ ጣል። ሥጋውን በትናችሁ ሙሉበት፣ ጥሬ ሽንኩርትና የድንብላል ቅጠል ነስንሱ፣ ሎሚ ጭመቁ። መረቁ በስኒ ከጎኑ ይቅረብ፤ ቶርቲያው እየተጠቀሰ የሚበላው በእሱ ነው።