ስለገጠመ ብቻ አይሠራም፦ የእጅ ሬዲዮን ከመኪና አንቴናና ስፒከር ጋር ሲያገናኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዎኪ ቶኪ መኪና ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ይከዳዋል። ዙሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ የአጭሯ አንቴና ሞገድ መውጫው መስኮቱ ነው። አንቴናውን ጣሪያ ላይ ማውጣት፣ ድምፁንም የሞተሩን ጫጫታ በሚያሸንፍ ስፒከር ማሰማት ጥሩ ሐሳብ ነው። ክፋቱ ሥራው ቀላል መምሰሉ ነው። ሶኬቱ ከገጠመና ሬዲዮው ከበራ ያለቀ ይመስላል፤ አብዛኛው ጉዳት የሚጀምረው ግን እዚያ ላይ ነው።

መኪናው ላይ የተገኘውን አንቴና መጠቀም

የእርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘሮች ፊት ላይ የሚወዛወዘው ረጅም አንቴና ብዙ ጊዜ የኮዳን፣ ማለትም የኤችኤፍ ሬዲዮ ነው። የተሠራው ከ2 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ላለው ክልል ነው። የእጅ ሬዲዮዎ ደግሞ ወይ በቪኤችኤፍ ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ፣ ወይ በዩኤችኤፍ ከ400 ሜጋኸርዝ በላይ ይሠራል። ሁለቱን ቢያገናኟቸው የሚልኩት ኃይል አንቴናው ላይ ደርሶ ወደ ሬዲዮው ይመለሳል፤ የሚጎዳውም የመጨረሻው የማጉያ ትራንዚስተር ነው። የመኪናው ኤፍኤም አንቴናም መፍትሔ አይሆንም። ብዙዎቹ ውስጣቸው ትንሽ ማጉያ አላቸው፤ ከእጅ ሬዲዮ የሚወጣ 5 ዋት ሊያቃጥለው ይችላል።

ቀላሉን ሩብ ሞገድ አንቴና፣ ማለትም ርዝመቱ የሞገዱ ሩብ የሆነውን፣ በሜትር ለክቶ መገመት ይቻላል። 75ን ለሚጠቀሙበት ሜጋኸርዝ ያካፍሉ፤ ውጤቱ በሜትር ነው። ለ150 ሜጋኸርዝ ግማሽ ሜትር፣ ለ450 ሜጋኸርዝ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ይመጣል። ትክክለኛው ርዝመት ከዚህ ጥቂት ያንሳል። ጥምዝ ያለበት ወይም ለሁለት ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) የተሠራ አንቴና ግን በዚህ ስሌት አይዳኝም።

ወንዴና ሴቴውን ሳያዩ አዳፕተር መግዛት

አሁን በብዛት የሚታዩት የእጅ ሬዲዮዎች ኤስኤምኤ የሚባለውን ትንሽ ባለጥርስ ማያያዣ ይጠቀማሉ። በባኦፌንግ ዩቪ-5አር ፒኑ ያለው ሬዲዮው ላይ ነው፤ በብዙ የያኤሱና የአይኮም ሬዲዮዎች ግን ሬዲዮው ላይ ያለው ቀዳዳው ነው። ስለዚህ ሱቅ ሲሄዱ ሬዲዮውን ይዘው ይሂዱ።

ከዚህ የባሰ ወጥመድም አለ። የዋይፋይ ራውተር አንቴናዎች ጥርሱ ከኤስኤምኤ ጋር አንድ የሆነ፣ የመሐሉ ፒን ግን የተገለበጠ ማያያዣ አላቸው። በደንብ ይጠመዘዛል፣ ጥብቅ ብሎም ይይዛል፤ መሐሉ ላይ ግን ቀዳዳ ከቀዳዳ ስለሚገናኝ ምንም የሚነካካ ነገር የለም። ያለ አንቴና እየላኩ መሆኑን የሚነግርዎት የለም። ፒን ከፒን ከተገናኘ ደግሞ ሲጠብቅ አንዱ ሌላውን ገፍቶ ይሰብራል። ከማጥበቅዎ በፊት መሐሉን በዓይን ማየት ሰከንድ አይፈጅም።

ወፍራሙን ኬብል ሬዲዮው ጫፍ ላይ ማንጠልጠል

የመኪና አንቴና ኬብል አብዛኛውን ጊዜ ፒኤል 259 በሚባለው ትልቅ ማያያዣ ያልቃል። ሰው ከባድ አዳፕተር ይገዛና ኬብሉን ቀጥታ ሬዲዮው አናት ላይ ያስረዋል። ከዚያ ኮረኮንች መንገድ ላይ መኪናው ሲንቀጠቀጥ የኬብሉ ክብደት ኤስኤምኤውን እንደ መፈንቅል ያነቃንቀዋል፤ ውስጥ ያለው ስታኞ ይሰነጠቃል። ጥገናው ከአዳፕተሩ ዋጋ በላይ ነው። መሐል ላይ አንድ ክንድ የማይሞላ፣ ቀጭንና ተጣጣፊ ማራዘሚያ ያስገቡ፤ ክብደቱን የሚሸከመው ክሩስኮቶው ላይ የታሰረው መጋጠሚያ ይሁን።

የዲሽ ገመድስ? በየቤቱ ስላለ ብዙ ሰው ይሞክረዋል። የዲሹ 75 ኦም፣ የሬዲዮው 50 ኦም ነው። እውነቱን ለመናገር ልዩነቱ ብቻውን ሬዲዮ አያቃጥልም። የሚያስቸግረው የመሐሉ ሽቦ ድርቅ ያለ መሆኑና ማያያዣው አለመስማማቱ ነው፤ በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያ መንቀጥቀጥን አይችልም። አርጂ 58 የሚባለውን የ50 ኦም ኬብል ይግዙ። ኬብሉን በር ሲያሳልፉ ጎማው ለስላሳ በሆነበት በኩል ያሳልፉት፤ በየቀኑ በር የሚጨፈልቀው ኬብል ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ይሞታል።

አንቴናውን የሚይዘውን ማግኔት ያገኙበት ቦታ ማስቀመጥ

ሩብ ሞገድ አንቴና ከሥሩ ሰፊ ብረት ይፈልጋል። ምርጡ ቦታ የጣሪያው መሐል ነው። ፖርቶ መጋላው ላይ ወይም ከጎኑ ተለጥፎ የቆመ አንቴና በአንድ አቅጣጫ ሰምቶ በሌላው ይደነቁራል። ጣሪያው ፋይበር ግላስ ከሆነ ማግኔቱ ራሱ አይዝም።

ሳይለኩ መላክ

ከአንቴናው ምን ያህል ኃይል እንደሚመለስ የሚያሳየውን ኤስደብሊውአር ሜትር ይዋሱ፤ ለባንድዎ የተሠራ መሆኑን ግን ያረጋግጡ። ሬዲዮውን በዝቅተኛ ኃይል አድርገው ይጀምሩ። 1.5 ካነበበ የሚመለሰው ኃይል 4 በመቶ ነው፣ ይቀጥሉ። 3 ካነበበ ሩቡ እየተመለሰ ነውና ያቁሙ። በመልቲሜትር ሲለኩ ፒኑና የውጪው ብረት ቢነካኩ ወዲያው አይደንግጡ፤ አንዳንድ አንቴናዎች ሲሠሩም እንደዚያ ናቸው። አንቴናውን ከኬብሉ ነቅለው ሲለኩም ካልተላቀቁ ግን ኬብሉ ውስጡ ተነካክቷል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ ሬዲዮውም ፍሪኩዌንሲውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይፈልጋሉ። ጣሪያ ላይ አንቴና ያለው መኪና ኬላ ላይ መጠየቁ አይቀርም፤ የፈቃዱ ቅጂ ከሊብሬው ጋር ይቀመጥ።

ስፒከሩን በግምት መቀጠል

ባለሁለት ቀዳዳ ሬዲዮዎች ላይ፣ በባኦፌንግም በኬንዉድ ዓይነቱም፣ ትንሹ 2.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የስፒከር፣ ትልቁ 3.5 የማይክ ነው። የሁለቱ ሶኬቶች የውጪ ብረት እርስ በርስ ከተነካካ ሬዲዮው የመናገሪያው ቁልፍ እንደተጫነ ይቆጥረዋል። ሁለቱንም ሰክቶ ሽቦዎቹን «ሁሉም ማሳ (ኔጋቲቭ) ነው» ብሎ አንድ ላይ የቋጠረ ሰው ሳያውቀው ቻናሉን ይይዛል፤ የሱ የሞተር ድምፅ ሲተላለፍ ሌላው ሁሉ ዝም ለማለት ይገደዳል። ለመስማት ብቻ ከፈለጉ 2.5ቷን ብቻ ይሰኩ፤ የመላኪያ ጊዜ ገደቡንም በሜኑው ያብሩት።

የስፒከሩን ሁለተኛ ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር አያስሩት። በአንዳንድ ሬዲዮዎች ሁለቱም ሽቦዎች ሕያው ናቸው፤ አንዱ ማሳ ከነካ ማጉያው ይቃጠላል። ሁለት ሽቦ እስከ ስፒከሩ ድረስ ይውሰዱ፤ ስፒከሩም 8 ኦም ይሁን። ቴፑ የሚያዘው የበር ስፒከር ላይ መቀጠል ደግሞ ሁለት ማጉያዎችን ፊት ለፊት ማላተም ነው።

መብራቱን ቀጥታ ከባትሪ መውሰድ

የእጅ ሬዲዮ ባትሪ በአብዛኛው 7.4 ቮልት ነው። መኪናው ሞተሩ ሲሠራ 14 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ሲኖትራክን የመሰለ ከባድ መኪና ደግሞ 24 ቮልት ነው። ለሬዲዮዎ የተሠራውን ቮልት የሚቀንስ ማስተላለፊያ ይግዙና ስንት ቮልት እንደሚቀበል ጀርባውን ያንብቡ፤ ብዙዎቹ 24ን አይችሉም። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን።

ድምፁን በኦክስ ወደ ቴፕ ካስገቡ በኋላ ነዳጅ ሲረግጡ እኩል የሚወጣ ፉጨት ከሰሙ ሬዲዮውን ለጊዜው ከመኪናው መብራት ነቅለው በራሱ ባትሪ ያሠሩት። ፉጨቱ ከጠፋ ጥፋቱ የአንቴናው አይደለም፤ ማሳው በመብራቱም በድምፁም በኩል ዞሮ ተገናኝቷል ማለት ነው። በድምፁ ገመድ ላይ አነስተኛ ማግለያ ትራንስፎርመር ሲገባ ይቆማል።