ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት፦ የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክልን ለስላሳና ነዳጅ ቆጣቢ ማድረግ

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ አሽከርካሪ፣ 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ተነስቶ 3,000 ሜትርን ካለፈ በኋላ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ሰውየው ማለዳ በውርጭ፣ ጓንት አጥልቆ የጀመረውን ጉዞ ቀትር ላይ በሸሚዝ ሊጨርሰው ይችላል፤ ሞተሩ ግን ያገኘውን አየር እንዳለ ከመሳብ ሌላ አማራጭ የለውም። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ሲሆን ሸዋ ሮቢት ላይ ከ85 በመቶ ያልፋል። ተርቦ (አየርን አስገድዶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱን የሚያጣው በዚሁ መጠን ስለሆነ፣ ፋብሪካው 40 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ የሚሰጠው 28 ገደማ ነው። በዚህ አገር ሞተር ማሻሻል ስል እንግዲህ የጎደለውን ጉልበት በዕቃ ብዛት መግዛት ማለቴ አይደለም፤ ያለው ጉልበት ሳይባክንና ሳይንቀጠቀጥ ጎማው ላይ እንዲደርስ፣ ይህም ከላይም ከታችም እኩል እንዲሠራ ማድረግ ማለቴ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከመፍቻ ሳይሆን ከማስታወሻ ደብተር ነው። ታንኩን እስከ አንገቱ ይሙሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ይጻፉ፣ የለመዱትን መንገድ በለመዱት ጭነት ደርሶ መልስ ይንዱ፣ ከዚያም እዚያው ማደያ ላይ እስከዚያው ምልክት ድረስ መልሰው ይሙሉ። 130 ኪሎ ሜትር ሄደው 5.2 ሊትር ከገባ፣ ሞተሩ በአንድ ሊትር 25 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ጉዞው ደርሶ መልስ ካልሆነ ቁልቁለቱ ያታልላል። ይህን ሦስት ጊዜ ያህል ደጋግመው አማካዩን ይያዙ፤ ከጎኑም ሞተሩ በስንት ሺህ ዙር እንደሚንቀጠቀጥ፣ በየትኛው ማርሽ ዳገት ላይ እንደሚደክም ያስፍሩ። ይህ መዝገብ ከሌለ በኋላ የሚደረገው ለውጥ ሁሉ ይጥቀም ይጉዳ መለየት አይቻልም።

የሲሊንደሩንም ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት፣ ያስለኩ፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ጤነኛ ሞተር ያለ ጥፋቱ የሚፈታበት ስሕተት አለ። በመመሪያው መጽሐፍ ላይ የሚገኘው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ጠለል የተለካ ሲሆን፣ መለኪያው የሚያሳየው ግፊት ከአካባቢው አየር ጋር አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ መጽሐፉ 12 ባር የሚል ከሆነ ደብረ ብርሃን ላይ 8.5 ባር ማንበብ የሞተሩ ፋሻ (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) አለቀ ማለት አይደለም፤ ከፍታው ነው። ለእኛ ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው ሁለቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው፣ አንድ ሲሊንደር ብቻ ከሆነም ከባለፈው ዓመት ልኬት ጋር ያለው ልዩነት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የቫልቭ ክፍተት፣ ማለትም በቫልቩና በሚገፋው ክፍል መካከል የሚተወው ጥቂት ቦታ፣ ነው። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ፣ ፒስተኑን በጭመቃው ምት ጫፍ ላይ አቁመው ክፍተቱን በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው በታወቀ ስስ የብረት ቅጠሎች) ይለኩ፤ ልኩን ከሞተሩ መመሪያ ይውሰዱ እንጂ ከሌላ ሞዴል አይዋሱ። ብዙ ሰው ቫልቭ ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ ጸጥ ሲል ደግሞ ይደሰታል። እኔ የምፈራው ጸጥ ያለውን ነው። ቫልቩ በጊዜ ብዛት መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ድምፁም ይጠፋል፤ ክፍተት ያጣ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ግን በደንብ ስለማይዘጋ ሙቀቱን ለመቀመጫው ማስተላለፍ ያቅተውና ይቃጠላል። ጠዋት አልነሣ ማለት፣ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጡት ሲዞር) መዋዠቅና ኃይል ማነስ ከዚህ ሊመጡ ይችላሉ፤ ሪጅስትሮው (ክፍተቱን ማስተካከሉ) በትክክል ሲሠራ ያለ አንድ አዲስ ዕቃ ለስላሳነቱ ይመለሳል።

ካንዴላውን፣ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ፣ ሲያወጡ ቀለሙን ያንብቡ። ነጣ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ጥቁርና ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ነዳጁ በዝቷል፤ የነጣ ከሆነ ደግሞ ነዳጁ አንሷል፣ ሞተሩም እየጋለ ነው። ካንዴላ ሲገዙ የሙቀት ቁጥሩን ያስተውሉ፦ በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ (ሙቀት ቶሎ የሚያስወግድ) ይሆናል፣ በቦሽ ግን ተቃራኒው ነው፤ ስለዚህ የአንዱን ቁጥር ይዞ የሌላውን መግዛት ሞተር ይጎዳል። የኢሪዲየም ካንዴላ ጫፉ ቀጭን ስለሆነ በብሩሽ አይፋቅም፣ ክፍተቱም ተቀጥቅጦ አይስተካከልም።

ዘይቱን በተመለከተ፣ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል) በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ሞተር ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ምልክት ይፈልጉ። ግጭት የሚቀንስ ቅመም የተጨመረበት የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል፤ የጣርማ በርን ዳገት በሚንሸራተት ፍሪሲዮን መውጣት ደግሞ ነዳጅ በከንቱ ማቃጠል ነው። መመሪያው ከፈቀደ ለደብረ ብርሃን ማለዳ ከ20ደብሊው-50 ይልቅ ቀጠን ያለው 10ደብሊው-40 ይሻላል፤ በብርድ ቶሎ ስለሚፈስ ሞተሩ ሲነሣ ሳይደርቅ ይዞራል፣ ቆላ ሲወርድም የሚፈለገውን ውፍረት ይይዛል።

የአየር ፊልትሮውን ክፍት በሆነ የውድድር ፊልትሮ መለወጥ አልመክርም። ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ መንዝ የጠጠር መንገድ የወጣ ሰው በበጋ የሚነሣውን አቧራ ያውቃል፤ ያ አቧራ ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ ፋሻ የሚበላ ሞረድ ነው። ባለ ስፖንጅ ፊልትሮ ካለዎት በሳሙና አጥበው፣ አድርቀው፣ የፊልትሮ ዘይት ቀብተው፣ ጨምቀው ይመልሱ። የወረቀት ከሆነ ይለውጡት። በፊልትሮውና በሲሊንደሩ መካከል ያሉትን የጎማ ቱቦዎችም ስንጥቅ እንዳላቸው ጎንበስ ብለው ይፈትሹ፤ በስንጥቅ የሚገባ አየር ሚኒሞውን ያናውጣል፣ ቀጥሎ የምናገረውንም የነዳጅ ልክ ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ካርቡሬተር፣ ማለትም ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል፣ አየርን የሚለካው በክብደት ሳይሆን በፍሰት ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ውሑዱ (የአየርና የነዳጅ ድብልቁ) ይወፍራል፣ ማለትም ነዳጅ ይበዛበታል። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ተራ ካርቡሬተር ደብረ ብርሃን ላይ ከ15 በመቶ በላይ የተረፈ ነዳጅ ይሰጣል፤ ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸታም ካንዴላ፣ ጋዝ ሲሰጡት ማነቅና የነዳጅ ፍጆታ መጨመር ከዚህ ይመጣሉ። መፍትሔውም የታወቀ ነው፦ ጄት የሚባለውን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ብሎን በአነስተኛ መለወጥ። ችግሩ መንገዳችን ደብረ ብርሃን ላይ አለመቆሙ ነው። በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት መካከል ያለው የአየር ክብደት ልዩነት ብቻውን ውሑዱን 7 ወይም 8 በመቶ ያህል ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ከላይ ልክ የሆነው ጄት ከታች ያንሳል፤ የሚያንሰውም ሙቀቱ በበረታበትና ሞተሩ መልሶ ዳገት በሚጀምርበት ቦታ ነው።

ይህን በራሴ ሞተር ሳይክል አይቼዋለሁ። አንድ ጋራዥ ደብረ ብርሃን ላይ ጄቱን ሁለት ደረጃ ዝቅ አድርጎ ሲሰጠኝ ሞተሩ እንደ አዲስ ስለሮጠልኝ ሳልጠራጠር ወረድኩ። ሸዋ ሮቢት አድሬ ስመለስ፣ ከአርማንያ በላይ ባለው ዳገት ሞተሩ መንጣጣት ጀመረ፣ ከዚያም እየጋለ ኃይል አጣ። ጥላ ፈልጌ ካንዴላውን ሳወጣ እንደ ኖራ ነጥቷል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብጨምር ኖሮ ፒስተኑ ይበሳ ነበር። መካኒኩ ሥራውን አላበላሸም፤ የት እንደምሄድ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው ሥርዓት ይህ ነው። ዋናውን ጄት የምመርጠው በመንገዴ ዝቅተኛ ቦታ ነው። ሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ በቀትር ሙቀት፣ በሙሉ ጭነት፣ ዳገት ላይ ጋዙን እስከ መጨረሻ ከፍቼ እነዳለሁ፤ ከዚያ ፍሪሲዮኑን ይዤ ሞተሩን አጠፋና ከመንገዱ ወጥቼ አደጋ በሌለበት ቦታ ካንዴላውን አያለሁ። እዚያ ነጣ ያለ ቡናማ የሚሰጥ ጄት ደጋ ላይ ጥቂት መወፈሩን እቀበላለሁ፤ ትንሽ ነዳጅ ማጣት ፒስተን ከማጣት ይሻላልና። ጄት ሲለወጥ ሁልጊዜ አንድ ደረጃ ብቻ፣ ከዚያ ሙከራ፣ ከዚያ ሌላው ይሁን። የሚኒሞውን ብሎን ግን ደብረ ብርሃን ላይ ማስተካከል ይቻላል፤ በሚኒሞ የሚነደው ነዳጅ ጥቂት ስለሆነ ቆላ ሲወርድ ቢያንስም ሞተር የሚያቃጥል ሙቀት አይፈጥርም። ብሎኑ በፊልትሮው በኩል የሚገኝ ከሆነ የአየር ብሎን ስለሆነ ሲላላ ውሑዱን ያሳሳል፤ በሞተሩ በኩል ከሆነ የነዳጅ ብሎን ስለሆነ ሲላላ ያወፍራል። በመካከለኛ ጋዝ ለሚደረገው ሩቅ ጉዞ፣ ማለትም ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ላለው 130 ኪሎ ሜትር፣ ዋናው ፈራጅ በካርቡሬተሩ ውስጥ ከጋዙ ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው መርፌ ነው፤ መርፌውን የያዘውን ቅንጥብ አንድ እርከን ወደ ላይ ማድረግ መርፌውን ዝቅ አድርጎ ውሑዱን ያሳሳል፣ ፍጆታውንም ከሁሉ ይበልጥ የሚቀንሰው እሱ ነው።

በኢንጀክሽን (በካርቡሬተር ፋንታ ነዳጅን በኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር በሚረጭ ዘዴ) የሚሠራ ሞተር ይህ ጣጣ የለበትም፤ የግፊት ዳሳሹ አየሩን እየለካ ነዳጁን ራሱ ይቀንሳል ይጨምራል። እርሱ የሚፈልገው ንጹሕ የቤንዚን ፊልትሮ፣ የታጠበ ኢንጀክተርና ደኅና የኦክሲጅን ዳሳሽ ነው። ዳሳሹን እያታለሉ ነዳጅ የሚያስጨምሩ ርካሽ መሣሪያዎች ሞተሩን ለስላሳ ያስመስላሉ፤ ዋጋው ግን ማደያ ላይ ይከፈላል። በየመንገዱ ዳር በጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚንም ካልቸገረዎት አይቅዱ፤ ጥቂት ውኃና ዝቃጭ የኢንጀክተርን ረቂቅ ቀዳዳ ለመዝጋት ይበቃሉ።

ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሊንደር ላለው ሞተር ሳይክል ከሁሉ በላይ ለስላሳነት የሚሰጠው ሥራ ካርቡሬተሮቹን ወይም የአየር በሮቹን እኩል ማድረግ ነው። የአንዱ ሲሊንደር የአየር በር ከሌላው ቀድሞ ሲከፈት ሁለቱ እንደማይስማሙ በሬዎች ይጎተታሉ፤ መሪው ላይ የሚሰማው መደንዘዝም ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ስድስት ሜትር ያህል ጥርት ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ገዝተው ጣውላ ላይ በረጅሙ አጥፈው ያስሩ፣ ከታች ባለው እጥፋት ውስጥ ጥቂት የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ያግቡ፣ ሁለቱንም ጫፎች በአየር ማስገቢያው ላይ ካሉት የመሳቢያ ቀዳዳዎች ጋር ያገናኙ። ሞተሩን አስቀድመው በደንብ ያሙቁት፤ የቫልቭ ክፍተቱም ቀድሞ የተስተካከለ መሆን አለበት፤ አለዚያ የሚያመሳስሉት በሽታን ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር ዘይቱ የበለጠ ወደሚስበው ሲሊንደር ይወጣል። በሁለቱ በሮች መካከል ያለውን ማመሳሰያ ብሎን በጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ ዘይቱ በሁለቱም ወገን እኩል እስኪቆም ይጠብቁ፤ ጋዝ ሰጥተው መልቀቅና እንደገና ማየትም ያስፈልጋል። ዘይቱ በድንገት ወደ አንዱ ከሮጠ ወዲያው ሞተሩን ያጥፉ። ከፍታው የመሳቡን ኃይል ቢቀንሰውም የምንፈልገው እኩልነቱን ስለሆነ ሥራውን ደብረ ብርሃን ላይ መሥራት አይጎዳም። ሲጨርሱ የቀዳዳዎቹን ክዳኖች በደንብ መልሰው ይግጠሙ፤ ሥራውም በዝግ ክፍል ውስጥ ከቶ አይሠራ።

ሞተሩ ከዚህ በኋላም ዳገት ላይ ከከበደው፣ ጥርሶቹን ማየት ተገቢ ነው። ፋብሪካው የመጨረሻውን ማርሽ የመረጠው ለሙሉ ጉልበት ስለሆነ ከ70 በመቶው ጋር አይስማማም። የፊተኛውን ፒኞን (ካቴናውን የሚነዳውን ትንሹን ጥርሳም ጎማ) ከ15 ወደ 14 ጥርስ መቀነስ ሞተሩን በዚያው ፍጥነት 7 በመቶ ያህል በበለጠ ዙር ያስኬደዋል፤ የኋላውን ኮሮና (ትልቁን ጥርሳም ጎማ) ከ45 ወደ 47 ማሳደግ ግን 4.4 በመቶ ብቻ ስለሆነ በሜዳው መንገድ ነዳጅ እንዲቆጥብ ለሚፈልግ ይህ ይሻላል። ካቴናውን (ሰንሰለቱን)፣ ፒኞኑንና ኮሮናውን አንድ ላይ ይለውጡ። የካቴናው መላላት በሞተሩ መመሪያ የተጻፈው ይሁን፤ የጠበቀ ካቴና ኩሽኔታ ይበላል፣ የላላው ደግሞ ጋዝ በለቀቁና በሰጡ ቁጥር ሞተር ሳይክሉን ያንገጫግጨዋል፤ ብዙ ሰውም ይህን የሞተር ችግር አድርጎ ያየዋል።

ከፍተኛ ጭመቃ ያለው ፒስተን ማስገባት በከፍታ ላይ ስሌቱ ያምራል፤ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፣ ቤንዚኑም ያንን ጭመቃ ላይችለው ይችላል። ድምፅ የሚያጎላ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ደግሞ የነዳጁን ልክ ከማዛባት በቀር በመካከለኛ ዙር የሚሰጠው ነገር ጥቂት ነው። ለሁለቱ የሚወጣውን ገንዘብ እኔ ለካቴናና ለጥሩ ጎማ አውለዋለሁ።

ሁሉም ሲያልቅ ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ጭነት፣ እዚያው ማደያ ሞልተው ይንዱ፤ አንድ ለውጥ ባደረጉ ቁጥር አንድ ጉዞ፣ አንድ መስመር ጽሑፍ። ቆላ ሲደርሱ ካንዴላውን አንድ ጊዜ አውጥተው ሳያዩ ግን ወደ ዳገቱ አይመለሱ።