ውርጭ ሲገባ፦ በሰሜን ሸዋ ቤቶች ጭስንና የከሰል ጋዝን መከላከል

ከኅዳር እስከ ጥር በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በርና በመንዝ ውርጭ ሲጥል በሩም መስኮቱም ይዘጋል፤ ስንጥቁ ሳይቀር በጨርቅ ይወተፋል። ምድጃው ግን እንደነደደ ነው። ለብዙው ቤት ክፉው አየር የሚወጣው ከገዛ ማድ ቤቱ ነው።

ከማገዶው ይጀምሩ። ገና የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፤ እሳቱ ያንን ውኃ በማትነን ሲደክም እንጨቱ በቅጡ ሳይነድ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ክረምቱ እንዳለፈ፣ በጥቅምት፣ በእጅ አንጓ ውፍረት ይፍለጡት። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ጎኑ ለነፋስ ክፍት በሆነ ጥላ ሥር ደርድረው በጋውን ያድርቁት። ሁለት ፍላጭ ሲያጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጡ ደርቀዋል፤ ድፍን ካለ ይቆይ።

ኩበት ጭሱ ከሁሉም ይብሳል። ዛፍ በሌለበት የመንዝ ደጋ ግን «ኩበት ተዉ» ማለት ዋዛ ነው። ሲጠፈጠፍ ከሁለት ጣት አይወፍር፤ ሲሰብሩት መሃሉ ከረጠበ ገና ነው። እሳቱን በጭራሮ ካቀጣጠሉ በኋላ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። ቤቱን የሚያጨልመው ምድጃውን ሞልቶ ማፈን ነው።

ሦስት ጉልቻ ነበልባሉን በየጎኑ ይበትነዋል። ለእንጀራ ጋገራ በሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ይህ የሚሆነው ግን ክፍሎቹ የሚገናኙበትና ምጣዱ የሚያርፍበት ዙሪያ በጭቃ ከተመረገ ነው። ጭቃው ሲሰነጠቅ እንደገና ይምረጉት።

በቆርቆሮ ቤት የጭስ ማውጫ ቧንቧ ስፋቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ ከጣሪያው ጫፍም 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ካጠረ ነፋሱ ጭሱን ወደ ቤት ይመልሰዋል። ከእንጨቱ ማገርና ወራጅ 45 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ጥላሸቱን በየወሩ ይጥረጉ፤ አረቄ የሚወጣበት ቤት እሳቱ ቀኑን ሙሉ ስለማይጠፋ ቶሎ ቶሎ ይጠረጋል። በሳር ክዳን ግን ቧንቧ አያሳልፉ፤ ቤቱ በፍንጣሪ ይቃጠላል። ይልቁን ከጣሪያው ሥር በትይዩ ግድግዳዎች ላይ አንዳንድ መስኮት ይክፈቱ፤ በሩም ከታች አየር ያስገባ።

ከሁሉ የሚያሰጋው ከሰል ነው። ሰው ከሰሉን ደጅ ያቀጣጥልና ጥቁሩ ጠፍቶ ፍም ሲሆን «ጭሱ አልቋል» ብሎ መኝታ ቤት ያስገባዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን የሚወጣው ከዚያው ከቀላው ፍም ነው። ቀለምም ሽታም ስለሌለው ዕጣን ቢያጨሱበትም ባያጨሱበትም አይታወቅም። ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጉልበት ይይዘዋል፤ ስለዚህ ጥቂቱም ያፍናል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው። የተኛ ሰው ምልክቱን አያውቀውም፤ ከእንቅልፉ ወደ ሞት ይሻገራል።

ቡና ሲፈላ በር ገርበብ ይበል። ከመኝታ በፊት ማንደጃውን ከነረመጡ ወደ ደጅ ያውጡ፤ በአመድ የተዳፈነ ፍም እንኳ ጋዝ ያወጣል። ለሌሊቱ ሙቀት ብርድ ልብስ ይደርቡ፤ በላስቲክ ጠርሙስ የፈላ ውኃ ሳይሆን ለብ ያለ ሞልተው እግር ሥር ያድርጉ።

የታፈነ ሰው ሲያገኙ በሩን ከፍተው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ያውጡት። ራሱን ከሳተ በጎኑ ያስተኙት፤ ወተትም ውኃም በአፉ አይስጡት። ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት ወይም በ907 አምቡላንስ ይጥሩ። በተራ አየር ጋዙ ከደም ግማሽ እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ከግማሽ ይወርዳል።

የደጁ ጭስም አለ። ኅዳር 12 የ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝን መታሰቢያ አድርጎ ቆሻሻ የማቃጠል ልማድ ነው፤ ያኔ ላስቲክ አልነበረም። ዛሬ ቅጠሉንና ጭራሮውን ለይተው ያቃጥሉ፤ ፌስታልና ጎማ እሳት ውስጥ አይግቡ፣ መርዛቸው የከፋ ነው። በውርጭ ማለዳ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ስለሚተኛ ጭሱና የመኪናው ጋዝ አይነሣም። በደሴ መንገድ ዳር ያሉ ቤቶች መስኮት የሚከፍቱት ፀሐይ ከሞቀች በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ቢሆን ይሻላል።