ደሴ ላይ የሚሸጥ ቤት ጥቆማ፦ እንዴት እንደማገኘውና እንዴት እንደምይዘው

አሮጌ ቤት እገዛለሁ። አድሰዋለሁ። ከዚያ ወይ አከራየዋለሁ ወይ እሸጠዋለሁ። ደሴ ላይ በዚህ ስራ 9 ዓመት ሆነኝ። ስራውን መጀመር የሚፈልጉ ልጆች ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ስንት ብር ይዤ ልነሳ?» ብለው ነው። ብር የያዘ ሰውማ ሞልቷል፤ ቤቱን ነው የሚያጣው። ጥሩ ቤት አግኝቶ ሸሪክ ያጣ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ስለዚህ ስለ ጥቆማ ላውራችሁ፤ ከየት እንደሚመጣና ሲመጣ ምን እንደማደርገው።

ከደላላ ልጀምር። ደላላ ጋ የደረሰ ቤት ለእኔ ብቻ አይደርስም። ጠዋት ለእኔ የደወለ ከሰዓት ለአራት ሰው ይደውላል፤ ማታ ዋጋው ሌላ ሆኖ ያድራል። የመጀመሪያው ስልክ ወደ እኔ እንዲመጣ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛ፣ የምፈልገውን ቁርጥ አድርጌ እነግራለሁ። «ርካሽ ቤት ካለ ንገረኝ» ማለት ምንም አለማለት ነው። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ «ከሆጤ ሰፈር እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር። ጭቃ ቤት ቢሆን ግድ የለኝም። መኪና ባይገባም ባጃጅ ይድረስ። ካርታው በሻጩ ስም ይሁን።» ሁለተኛ፣ ኮሚሽኑን ውል በተፈራረምንበት ቀን፣ ከዚያው ሳልነቃነቅ እከፍላለሁ። ደላላ ዘሎ ከባለቤቱ ጋር በጓሮ የሚዋዋል ሰው አንድ ጊዜ ያተርፋል። ከዚያ ወዲያ ፒያሳ ላይ ስልኩን የሚያነሳለት የለም።

ከደላላ ቀድመው የሚያውቁ ሰዎች ግን አሉ። ቆርቆሮ መቺዎች፣ ምርግ የሚሰሩ፣ የቧንቧ ሰራተኞች። ጣሪያ ሲያፈስ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ባለቤቱ «ለዚህ ክረምት ብቻ ያዝልኝ፣ ሌላውን ተወው» ሲል ይሰማሉ። ሊኖርበት የሚያስብ ሰው እንደዛ አይልም። ለጥቆማው 500 ብር እሰጣለሁ። ቤቱን ከገዛሁት ደግሞ የእድሳቱ ስራ የጠቋሚው ነው። የሚያነቃቃቸው ይሄ ሁለተኛው ነው።

ቡና ላይ ደግሞ ሰው ስለ ቤት አያወራም፤ ስለ ልጆቹ ነው የሚያወራው። አንድ ቀን አንዲት እናት ሲኒውን እያቀበሉኝ «ሁሉም አዲስ አበባ ቀሩ፤ ይሄ ዳገት ደግሞ ጉልበቴን ጨረሰው» አሉኝ። ደሴን የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እዚያው ዋጋ አልጠየቅኩም። በረካውን ጠጥቼ፣ ቤቴ ገብቼ ጻፍኩት።

አንድ ቦታ ግን ጥቆማ አልሰበስብም። ለቅሶ ቤት። የቅሬያችን፣ ማለትም የእድራችን፣ አባል ነኝ፣ ድንኳን ስር እቀመጣለሁ፣ ሰው ሲሞት አብሬ አለቅሳለሁ። አርባው ወይ ሰደቃው ሳያልፍ ስለ ቤት ቃል አልተነፍስም። ሌላ ሰው ቀድሞኝ ቢገዛው ይግዛው።

አሁን ወደ ደብተሩ። ስልክ ላይ መመዝገብ ይቻላል፤ እኔ የለመድኩት ባለ 200 ገጽ ደብተር ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ገጽ። ባለፈው ዓመት ከጻፍኩት አንዱን፣ ማንነት የሚያሳውቀውን አውጥቼ ላሳያችሁ፦

«ሰኔ 12። ጠቋሚ፦ ቆርቆሮ መቺው። ቦታ፦ ከሸዋ በር ወደ ታች፣ ሁለተኛው ቅያስ። እናት አርፈዋል። ልጆች አራት፣ አንዷ ጅዳ። ካርታ በእናት ስም። የወራሽነት ማስረጃ ገና። ታላቁ ልጅ ‹አንሸጥም› አለ። ቀጣይ፦ ጳጉሜን 1።»

ዋናው የመጨረሻዋ ቃል ናት፤ «ቀጣይ»። ቀጣይ ቀን የሌለው ገጽ ደብተሬ ውስጥ የለም። «አንሸጥም» ያለም ቢሆን ቀን ይያዝለታል። ሰው «አልሸጥም» የሚለው ያን ቀን ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ወንድምና እህት ሲካፈሉ፣ ጣሪያው ሁለተኛ ክረምት ሲያፈስ ቃሉ ይለወጣል። ያን ጊዜ የሚያስታውሰው በመጨረሻ በደህና ያናገረውን ሰው ነው። በጳጉሜን ደወልኩ፣ ጤናቸውን ጠይቄ፣ እንኳን አደረሳችሁ ብዬ ዘጋሁ። ከመስቀል በኋላ አንድ ጊዜ፣ ጥር ላይ አንድ ጊዜ። ሚያዝያ ላይ ታላቁ ልጅ ራሱ ደወለ። «እህቴ፣ ያንን ቤት አሁንም ትፈልጊዋለሽ?» አለኝ። 10 ወር ፈጀ። እኔ ከገዛኋቸው ቤቶች አብዛኞቹ እንደዚህ የመጡ ናቸው።

ጥቆማ ሁሉ ግን ገጽ አይገባውም። ስልክ ላይ እያለሁ አራት ነገር እጠይቃለሁ። ቤቱ የግል ነው የቀበሌ? በ1967ቱ አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግስት ከሆነ ወዲህ ብዙ ሰው የቀበሌ ቤት ውስጥ ተወልዶ አርጅቷል። «ቤቴ» ይላል፣ ከልቡ ነው፤ ሊሸጠው ግን አይችልም። ካርታው በማን ስም ነው? ሻጩ ባለትዳር ነው? ቤቱ የጋራ ሀብት ከሆነ ያልፈረመው ወገን በኋላ ውሉን ማስፈረስ ይችላል። የባንክ ዕዳ ወይ የፍርድ ቤት እግድ አለበት? ይሄን የመጨረሻውን በሻጩ ቃል ብቻ አልተወውም፤ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ፋይሉን ሳላይ ገንዘብ አላወጣም። መሬቱ የመንግስትና የህዝብ መሆኑን አትርሱ፤ የምትገዙት ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። ቦታው የሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ዕዳ ስንት እንደቀረ በጽሁፍ ያዙ።

ይሄን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ሶስተኛ ዓመቴ ላይ አንድ ወራሽ መጣ፣ ቤቱ ልብ ይሰርቃል፣ እኔም ቸኮልኩ። በእጅ በተጻፈ ወረቀት 50,000 ብር ቀብድ ሰጠሁት። በሳምንቱ ውጭ አገር ያለችው እህቱ «እኔ መቼ ተጠየቅኩ?» አለች። እውነቷን ነው። በህጋችን ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል፤ የሰጠው ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል። ግን ሻጩ ብቻውን የመሸጥ መብት ከሌለው የሚቀራችሁ ክርክር ነው። ሽማግሌ ገብቶ ገንዘቤን በ7 ወር ውስጥ፣ ቀስ በቀስ አገኘሁ። እጥፉን አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ወራሾች በየተራ በስልክ ድምጻቸውን ሳያሰሙኝ ቀብድ አልሰጥም። ቤት የሚሸጠው ደግሞ በጽሁፍ ተዋውሎ፣ ፍርድ ቤት ወይም ሰነድ የሚያረጋግጠው አካል ፊት ነው፤ በቡና ቤት ወረቀት አይሆንም።

ወሎ ውስጥ ስለ ቤት ሲወራ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይና ቤይሩት ያሉ ልጆቻችን አይቀሩም። ሻጭም ገዢም ናቸው። ሻጭ ሲሆኑ ውክልናቸውን አያለሁ፤ በኤምባሲ ወይ በቆንስላ በኩል የመጣ፣ እዚህም በውጭ ጉዳይ የተረጋገጠ መሆን አለበት፤ «መሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ ይኑርበት። ገዢ ሲሆኑ ደግሞ ብዙዎቹ ከዚህ በፊት በዘመድ እጅ የተጎዱ ናቸው። ልጅቷ በቤት ሰራተኝነት ስንት ዓመት የለፋችበትን ገንዘብ ነው የምትልክላችሁ። ስለዚህ በኢሞ ቪዲዮ ስልክላት ከአስፋልቱ እነሳለሁ። ዳገቱን እየወጣሁ፣ ትንፋሼ እየተሰማ፣ ሳላቋርጥ እስከ በሩ። ከዚያ መጀመሪያ የማሳያት የተሰነጠቀውን ግድግዳና መጸዳጃ ቤቱን ነው። ሳሎኑ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እንዲህ ያየች ልጅ አብራት ላለችው ጓደኛዋ ስልኬን ትሰጣለች። ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ብዙ ገዢ ያመጣልኝ ይሄ ነው።

ኮምቦልቻ ሌላ ነው። በ2009 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ እዚያ የምይዘው የተከራይ ጥቆማ ነው። የፋብሪካ ጥበቃዎች አዲስ ሰራተኛ ሲገባ ቀድመው ያውቃሉ፤ ቁጥሬ ሁሉም ጋ አለ።

ለደሴ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ገጹ ላይ ያለውን ቤት በበጋ አይታችሁት ከሆነ ሐምሌ ወይ ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ እየወረደ፣ ሄዳችሁ እዩት። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ውሃ በየት እንደሚያልፍ ያን ጊዜ ይታያል። መሬቱ በሚንሸራተትበት ሰፈር የጎረቤቱን አጥር ተመልከቱ፤ ምርግ ስንጥቅን ይደብቃል፣ ያጋደለ አጥር ግን አይደበቅም። ያጋደለ ካለ ገጹን በእስክሪብቶ እሰርዘዋለሁ።

ለነገ ደብተሬ ላይ ሶስት ስም አለ። አንዷ ዳገቱ ጉልበታቸውን የጨረሰባቸው እናት ናቸው። ልጃቸው ተመርቃለች አሉ። ጠዋት ቡና ሳይፈላ እደውላለሁ።