በአሮጌ ቮልስ ከጅማ አዲስ አበባ፦ የጊቤን በረሃ ለማለፍ

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአሮጌ ቮልስ ርቀቱ አያሰጋም፤ የሚያሰጋው መሃል ላይ ያለው ጊቤ ነው። መንገዱ ከሰኮሩና ከአበልቲ በኋላ ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ ድልድዩን ተሻግሮ ደግሞ ወደ ወልቂጤ ይወጣል። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዙት ንፋስና ዘይት ናቸው። የንፋሱን ፋን የሚያዞረው የዲናሞው ቺንጊያ ስለሆነ ዝግጅቱ ከእሱ ይጀምራል።

ቺንጊያው መሃሉ ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርገብ። ከዚያ በላይ ከላላ የዲናሞውን ፑሊ (ቺንጊያው የሚዞርበትን) በካቻቪቴ ይዘው ዳዶውን በ21 ቁልፍ ይፍቱ፤ ከሁለቱ የፑሊ ግማሾች መሃል አንድ ራንዴላ (ቀጭን የብረት ቀለበት) አውጥተው ከውጭ፣ ከዳዶው ሥር ያድርጉት፤ ቺንጊያው ይጠብቃል። ራንዴላውን እንዳይጥሉት፤ አዲስ ቺንጊያ ሲገባ ይፈለጋል። ትርፍ ቺንጊያ ሳይዙ አይውጡ። በጉዞ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ "እስከሚቀጥለው ከተማ" አይባልም፤ ቺንጊያው ተበጥሶ ፋኑ ቆሞ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ቆመው ሞተሩን ያጥፉ።

ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ትንሽ ሲጎድል እንኳ ሙቀቱ ላይ ይታያል። አዲስ ሞልተው፣ 1 ሊትር ትርፍ ይያዙ። ቫልቭ ረጅስትሮ (የቫልቮቹን ክፍተት ማስተካከል) የሚደረገው ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዘቅዝ ካደረ በኋላ ነው፤ ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር። ትንሽ የሚንጫጫ ቫልቭ አያስፈራም። የሚቃጠለው ጸጥ ያለው፣ ክፍተቱ የጠበበው ነው፤ በተለይ የ3ኛው ሲሊንደር፣ የዘይት ማቀዝቀዣው ንፋሱን ስለሚጋርድበት። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎማ ከተቀደደ ደግሞ ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ፋኑ ይገባል። ብዙ ሰው ይህን ጎማ እንደ ጌጥ ቆጥሮ ይተወዋል።

የቤንዚን ጎማዎቹ ከተሰነጣጠቁ ይቀይሯቸው፤ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ከተንጠባጠበ መኪናው ይቃጠላል። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ ጫፎቹን በጎማ ይሸፍኑ፤ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ከነካቸው እሳት ይነሳል።

ከጅማ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከወጡ ፀሐይ ሳይከር ጊቤ ይደርሳሉ። ቁልቁለቱን ገና ሳይጀምሩ ወደ 3ኛ ወይም 2ኛ ማርሽ ይቀንሱ፣ ፍሬኑን ደግሞ ረገጥ አድርገው ይልቀቁ እንጂ አያንጠልጥሉት። የፍሬን ሸራ መሽተት ከጀመረ፣ ወይም እየረገጡት አልይዝ ካለ፣ ከመንገድ ወጥተው ያቁሙና ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። በጋለ ታንቡሮ (ሸራው የሚይዘው የጎማው ከበሮ) ላይ ውሃ ማፍሰስ ይሰነጥቀዋል።

ዳገቱ ላይ ብዙ ሾፌር ሞተሩ እንዳይጮህበት ማርሽ ከፍ ያደርጋል። ስህተቱ ይሄ ነው፤ ፋኑ የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ልክ ስለሆነ፣ የሚያቃስት ሞተር ንፋስ ያጣል። በ2ኛ ማርሽ ይጩህ፤ ከኋላ ያለው አይሱዙ ክላክስ ቢያደርግም አይቸኩሉ።

በረሃው ውስጥ ቆመው መልሶ አልነሳም ካለ፣ ቤንዚኑ ፓምፑ ውስጥ ተንኖ ሊሆን ስለሚችል ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርገው ይጠብቁ። ወልቂጤ ሲደርሱ ሞተሩን ከማጥፋትዎ በፊት አንድ ደቂቃ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጡት በዝግታ እየዞረ) ይተውት። ከዚያ ሻይ ይጠጡ፤ ዘይቱ ወደ ታች ከወረደ በኋላ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ልኩን ያዩና የጎደለውን ይሙሉ።