የቢሮ አይፒ ስልክ አድራሻ አላገኝ ሲል፦ ከቪላንና ከዲኤችሲፒ ጋር የሚሠሩ ስህተቶች

አዲሱ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ኬብሉ ተሰካ፣ ስክሪኑ በራ። ከዚያ ወዲያ ግን ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ሲሆን የብዙ አይቲ ባለሙያ እጅ የሚሄደው ወደ ስልኩ ነው። ያጠፋዋል፣ ያበራዋል፣ ሪሴት ያደርገዋል። ግማሽ ቀን እንዲሁ ያልቃል። እኔ እንዳየሁት ስልኩ ራሱ ተበላሽቶ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ስዊቹ (የቢሮውን ኬብሎች የሚያገናኘው ሳጥን) ወይም ዲኤችሲፒው (ለመሣሪያዎች የኔትወርክ አድራሻ፣ ማለትም አይፒ፣ የሚያድለው አገልግሎት) ላይ ነው።

አንድ ተራ ቢሮ እናስብ። ኔትወርኩ ቪላን በሚባሉ፣ በቁጥር በሚለዩ ክፍሎች ተከፍሏል። ኮምፒውተሮቹ ቪላን 10 ላይ ናቸው፤ አድራሻቸው በ192.168.10 ይጀምራል። ስልኮቹ ቪላን 20 ላይ ናቸው፤ የእነሱ በ192.168.20 ይጀምራል። ኮምፒውተሩ ኔትወርክ የሚያገኘው በስልኩ በኩል አልፎ ነው።

አይፒውን ሳያዩ ሪሴት ማድረግ

ሪሴት ከማድረግዎ በፊት የስልኩን ሜኑ ከፍተው አይፒውን ያንብቡ። 0.0.0.0 ከሆነ ወይ ጥያቄው ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ጋ አልደረሰም፣ ወይ መልሱ አልተመለሰም። በ192.168.10 ከጀመረ ስልኩ ቪላኑን አላወቀም፤ ከኮምፒውተሮቹ ጋር ተቀላቅሏል። በ192.168.20 ጀምሮ ግን መደወል እምቢ ካለ ቪላኑን ይተዉትና ወደ ስልክ ሰርቨሩ ይሂዱ። ከሁለቱም ያልሆነ፣ ለምሳሌ በ192.168.1 የሚጀምር ቁጥር ካዩ፣ አንድ ሰው የቤት ዋይፋይ ራውተር አምጥቶ ግድግዳው ላይ ሰክቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ያ ራውተር አድራሻ እያደለ ነው። ይፈልጉትና ይንቀሉት፤ ቀጥሎ ስዊቹ ላይ ያልተፈቀደ መሣሪያ አድራሻ እንዳያድል የሚከለክለውን ዲኤችሲፒ ስኑፒንግን ያብሩ።

ስልኩ ቪላኑን ራሱ ያገኘዋል ብሎ መተው

ስልኩ ቪላን 20 ላይ መሆኑን የሚነግረው ያስፈልገዋል። ስዊቹ በሲዲፒ (የሲስኮ ኩባንያ የራሱ) ወይም በኤልኤልዲፒ (የሁሉም ኩባንያዎች የጋራ) መልእክት ሊነግረው ይችላል። ብዙ የሲስኮ ካታሊስት ስዊቾች ላይ ሲዲፒ ከፋብሪካው በርቶ ሲመጣ ኤልኤልዲፒ ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የሲስኮው ስልክ ሲሠራ፣ አጠገቡ ያለው ኤልኤልዲፒን ብቻ የሚሰማ የሌላ ኩባንያ ስልክ ቪላን 10 ላይ ይቀራል። ሰው ደግሞ «ይሄ ርካሽ ስልክ!» ይላል። ስልኩ ምንም አላጠፋም። ስዊቹ ላይ ኤልኤልዲፒን ማብራት ይበቃል። ጠረጴዛ ስር የተቀመጠች ባለአምስት ቀዳዳ ትንሽ ስዊችም ይህን መልእክት ልታስቀረው ትችላለች። እሷንም አይርሱ።

ሁለተኛው መንገድ ዲኤችሲፒ ነው። የዬሊንክና የግራንድስትሪም ስልኮች የቪላኑን ቁጥር ከኦፕሽን 132 (ዲኤችሲፒ ከአድራሻው ጋር ከሚልካቸው ባለቁጥር መረጃዎች አንዱ) ያነባሉ። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ደጋግሜ አይቻለሁ፦ ኦፕሽኑን የስልኮቹ ፑል (ዲኤችሲፒው የሚያድለው የአድራሻ ክምችት) ላይ፣ ማለትም ቪላን 20 ላይ ያስገቡታል። ስልኩ ግን ሲነሳ ታግ (መልእክቱ የየትኛው ቪላን እንደሆነ የሚናገር ምልክት) የለውም፤ መጀመሪያ የሚገባው ቪላን 10 ላይ ነው። አድራሻ ይቀበላል፣ «የአንተ ቪላን 20 ነው» የሚለውን ያነባል፣ የያዘውን አድራሻ ይለቅና በታግ 20 እንደገና ይጠይቃል። ስለዚህ 132 መቀመጥ ያለበት የኮምፒውተሮቹ ፑል ላይ ነው።

ቁጥሩን በእጅ ስልኩ ላይ መጻፍስ? ለአንድ ስልክ ይሠራል። ስልኩ ሌላ የቪላን ቁጥር ወዳለበት ቅርንጫፍ የሄደ ቀን ግን ለቀጣዩ ባለሙያ እንቆቅልሽ ይሆናል።

ትራንኩ ላይ «አድ» የምትለዋን ቃል መርሳት

ይቺ እኔን ራሴን ያስደነገጠችኝ ናት። ስልኮቹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ዋናው ስዊች ምድር ቤት ነው። በሁለቱ ፎቆች ስዊቾች መካከል ያለው ትራንክ፣ ማለትም ብዙ ቪላኖችን የሚያሳልፈው መስመር፣ የተፈቀደለት ለቪላን 10 ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ 20ን ልጨምር ብዬ ገባሁ። ሲስኮ ላይ «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 20» ብለው ከጻፉ ግን አልጨመሩም። የነበረውን ዝርዝር አጥፍተው 20ን ብቻ ነው የተኩት። ከ20 በፊት «አድ» መግባት ነበረበት። በአንድ ኢንተር የፎቁ ኮምፒውተሮች በሙሉ ተቋረጡ። ስዊቹን የማዝበትም አድራሻ ቪላን 10 ላይ ስለነበር ከሩቅ ማስተካከል አልቻልኩም። ኮንሶል ኬብል ይዤ ደረጃውን ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ትራንክ ከመንካቴ በፊት ያለውን ዝርዝር ኮፒ አደርጋለሁ። ሥራውንም ከሥራ ሰዓት ውጭ አደርገዋለሁ። ሌላም ነገር አለ። ትራንኩ 20ን ቢፈቅድም ቪላን 20 ራሱ በመንገዱ ባሉት ስዊቾች ሁሉ ላይ መፈጠር አለበት። አንዱ ላይ ከሌለ ጥያቄው እዚያው ይቀራል።

ሄልፐር አድሬስን የተሳሳተ ቦታ ማስገባት

ስልኩ አድራሻ የሚጠይቀው በብሮድካስት ነው። ብሮድካስት ክፍል ውስጥ ቆሞ እንደመጣራት ነው፤ ጎረቤት ክፍል አይሰማም። ሰርቨሩ ሌላ ቪላን ላይ ከሆነ የቪላን 20 ጌትዌይ (ወደ ሌሎች ቪላኖች የሚያወጣው በር) ጥያቄውን ማድረስ አለበት። «አይፒ ሄልፐር አድሬስ» የሚባለው ትእዛዝ ለዚህ ነው። የሚገባውም ስልኮቹ ባሉበት በቪላን 20 ኢንተርፌስ ላይ ነው፤ ሰርቨሩ ባለበት ላይ አይደለም። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ ለ192.168.20 የተዘጋጀ ስኮፕ (የአድራሻ ፑል) ይኑር፤ ወደዚያ የሚመልሰው ሩትም (መንገድም) እንዲሁ።

የኮምፒውተሩን ፑል ኮፒ አድርጎ ለስልክ መስጠት

ጊዜ ይቆጥባል፤ ጣጣውም ብዙ ነው። የድሮው ጌትዌይ 192.168.10.1 እንዳለ ይቀራል። ስልኩ ሴቲንጉን ከየት እንደሚያመጣ የሚነግረው ኦፕሽንም አይኖርም። የሲስኮ ስልኮች በተለይ 150ን ይፈልጋሉ፤ ሌሎች ብዙዎቹ 66ን።

የሰዓቱን ኦፕሽን 42 ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ያየዋል። ስልኩ በቲኤልኤስ፣ ማለትም በተመሰጠረ ግንኙነት፣ የሚገናኝ ከሆነ ግን ቀኑ ሲሳሳት የሰርቨሩን ሰርተፊኬት (የማንነት ማረጋገጫ) ላይቀበል ይችላል። ፓስወርዱ ትክክል፣ አይፒው ትክክል፣ ስልኩ ግን እምቢ። እንዲህ ሲገጥምዎ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀን ይመልከቱ።

ሁለቱንም ኬብል ግድግዳው ላይ መሰካት

የስልኩ ጀርባ ሁለት ቀዳዳ አለው፦ አንዱ ለኔትወርክ፣ አንዱ ለኮምፒውተር። ጠረጴዛ ሲዘዋወር አንድ ቅን ሠራተኛ ሁለቱንም ግድግዳው ላይ ይሰካቸዋል። ሉፕ፣ ማለትም መልእክት ሳይቆም የሚዞርበት ክብ መንገድ፣ ይፈጠርና ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል፣ ወይም ጨርሶ ይቆማል። ሠራተኛውን አይቆጡ። የስልኮቹ ፖርቶች ላይ ፖርትፋስትን (ፖርቱን ቶሎ የሚያስነሳውን) ከቢፒዲዩ ጋርድ (ሉፕ ሲያይ ፖርቱን ከሚዘጋው) ጋር ያብሩ፤ ቀዳዳዎቹም ላይ ጽሑፍ ይለጥፉ።

ሴቭ ሳያደርጉ መሄድ

ሁሉም ሠርቷል፣ ሁሉም ደውሏል፣ ደስ ብሎዎት ወጥተዋል። ማታ መብራት ይሄዳል። ጠዋት ስዊቹ የሚነሳው በድሮው ሴቲንግ ነው፤ ፖርቶቹ ላይ ያስገቡት የቪላን 20 ሴቲንግ የለም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሴቲንጉን ሴቭ የምታደርገው «ራይት ሜሞሪ» ሁለት ቃል ናት።

መብራቱ ሲመለስም የመነሻ ቅደም ተከተል አለ። ዲኤችሲፒው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ስልኮቹ ቀድመውት ይነሳሉ፤ ሲጠይቁም የሚመልስላቸው የለም። አንዳንዱ እየደጋገመ ይሞክራል፤ አንዳንዱ ሰው እስኪያጠፋውና እስኪያበራው ይቆማል። ለዚህ ነው የስልኮቹን ዲኤችሲፒ ራውተሩ ላይ ማድረግ የምመርጠው። ራውተሩና ስዊቹ በአንድ ዩፒኤስ ቢያዙ ደግሞ ጥሩ ነው። ሥራውን ሲጨርሱ አስፈቅደው፣ ሠራተኛ ከወጣ በኋላ፣ ሁሉንም አንድ ጊዜ አጥፍተው ያብሩት። ስልኮቹ ማንም ሳይነካቸው በ192.168.20 ሲመለሱ ካዩ ቦርሳዎን ይዘው መውጣት ይችላሉ።