ነጭ አዝሙድና ጥቁር አዝሙድ ወንድማማች አይደሉም፦ ስለ ቅመምና መድኃኒት ቅጠል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቅዳሜ ገበያ የቅመም ተራ ሁሌ የምገዛቸው አንዲት እናት አሉ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሰኔ ላይ «እማማ፣ የነጩና የጥቁሩ አዝሙድ ልዩነት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ምን ልዩነት አለው ልጄ፣ እንደ ነጭ ጤፍና ቀይ ጤፍ በለው» አሉኝ። አመንኩ። ከሁለቱም አንዳንድ እፍኝ ገዛሁና ሐምሌ ላይ አዘዞ ያለው ግቢያችን ውስጥ አንድ መደብ ላይ ቀላቅዬ ዘራሁት።

መጀመሪያ ምንም አላስታወቀም፤ የሁለቱም ቅጠል ክር የመሰለ ቀጭን ነው። መስከረም ጠብቶ አበባ ሲመጣ ግን ጉዱ ወጣ። አንደኛው አናቱ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ አበቦቹን እንደ ጃንጥላ ዘረጋ። ሌላኛው ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ አንዲት ፈዛዛ ሰማያዊ አበባ ብቻ አወጣ፤ እሷ ስትረግፍ የቀረው የዘር ከረጢት ደግሞ አናቱ ላይ ቀንድ የመሰሉ ነገሮች አሉት። እንኳን ወንድማማች ጎረቤትም አይመስሉም።

ከዚያ ወዲህ የቅመሙንና የመድኃኒት ቅጠሉን ዘር ማንዘር መቁጠር ልማድ ሆነብኝ። ሰው ሲሳሳት የምሰማውን፣ ብዙውን እኔም የተሳሳትኩትን፣ እነሆ።

«ስሙ አንድ ከሆነ ዘሩም አንድ ነው»

ነጭ አዝሙድ የድንብላል፣ የከሙን፣ የእንስላልና የካሮት ቤተሰብ ነው። አበባው ጃንጥላ የሚሠራውም ለዚህ ነው፤ እንስላል ሲያብብ አይታችሁ ከሆነ ወዲያው ይገባችኋል። ጥቁር አዝሙድ ግን ራኑንኩላሴ ከሚባል ሌላ ቤተሰብ ነው። እዚህ ቤተሰብ ውስጥ ወጥ ቤት የሚገባ ሌላ ነገር ብትፈልጉ የለም ማለት ይቻላል፤ አብዛኛው ለጌጥ የሚተከል አበባ ወይም መርዛማ ነው። በየአጥሩ የሚጠማዘዘው አዞ ሐረግ ዘመዱ ነው፤ የእሱ ጭማቂ ቆዳ ሲነካ ምን እንደሚያደርግ የሞከረ ያውቀዋል።

ሁለተኛው የስም ወጥመድ በርበሬና ቁንዶ በርበሬ ነው። ቁንዶ በርበሬ በሕንድ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ ማላባር በሚባለው አገር፣ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሐረግ ፍሬ ነው። በርበሬ ደግሞ ከአሜሪካ አህጉር፣ በተለይ ከሜክሲኮ በኩል የመጣ የቲማቲም፣ የድንችና የትምባሆ ዘመድ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ምላስ ማቃጠላቸው ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን የሚያቃጥሉበት ንጥረ ነገር አንድ አይደለም። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕር ከመሻገሩ በፊት በእኛ አገር በርበሬን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው፤ በመካከሉ ያለው 144 ዓመት ብቻ። «ከጥንት ከጠዋቱ ጀምሮ ወጣችን በበርበሬ ነው» የምትሉ ካላችሁ ጥንቱን ትንሽ ወደዚህ ጠጋ አድርጉት። የቁንዶ በርበሬን ሥጋ ዘመድ የሚፈልግ ሰው ጥምዝን ይይ፤ ያ ረዘም ብሎ የጠቆረው፣ ጭስ ጭስ የሚለው የደቡብ ምዕራብ ጫካ ቅመም።

«ሽታው ከመሰለ ዘመድ ነው»

ይሄ እኔን ረጅም ጊዜ አታልሎኛል። ጠጅ ሳር ሎሚ ሎሚ ይላል አይደል? ዘመዱ ግን ጤፍ ነው። ስንዴና ገብስም ያሉበት የሣር ቤተሰብ ነው። በአንጻሩ ጤና አዳምን አሽትቶ «ሎሚ» የሚል ሰው አላየሁም፤ እሱ ግን የሎሚና የብርቱካን ቤተሰብ ሆኖ ተገኘ። ካላመናችሁ አንድ የጤና አዳም ቅጠል ቀጥፉና ወደ ፀሐይ አንስታችሁ ተመልከቱ። በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ታያላችሁ። ዘይቱ የተቀመጠባቸው ከረጢቶች ናቸው። ከዚያ የሎሚ ቅጠል አምጥታችሁ እንደዚያው አድርጉ፤ ያው ነው።

ኮሰረትና በሶብላም አሉ። ቅቤ ሲነጠር አብረው ስለሚገቡ፣ ሽታቸውም ስለሚቀራረብ «የበሶብላ ዘመድ» ይባላል ኮሰረት። የበሶብላ ቤተሰቦች ዳማከሴ፣ ጦስኝ፣ ናናና የጥብስ ቅጠል ናቸው። የነዚህን ለጋ ግንድ በሁለት ጣት መካከል አሽከርክሩት፤ ክብ አይደለም፣ አራት ማዕዘን ነው፣ ቁርቁር ይላል። በቃ ምልክቱ ይሄ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ሳስተምር ከርሜ ኮሰረቱን ሳሽከረክረው እሱም ማዕዘን ማዕዘን አለው! ስለዚህ ግንዱ ብቻ አይበቃም፣ አበባው ይታይ። በሶብላ አበባውን ፎቅ በፎቅ፣ ግንዱን ዙሪያውን እየከበበ ይደረድራል። ኮሰረት ግን ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ብብት ላይ ትንንሽ እብጥ እብጥ ያሉ ራሶች ነው የሚያወጣው። ቤተሰቡ የየወፍ ቆሎ ቤተሰብ ነው፤ አዎ፣ ያ ልጆች ሆነን ጥቁሩን ፍሬ የለቀምንለት ቁጥቋጦ።

«ኮረሪማ ማለት ሄል ማለት ነው»

አይደለም፣ ግን እዚህ ጋ ስህተቱ ትንሽ ነው። ሁለቱም የዝንጅብልና የእርድ ቤተሰብ ናቸው። ሄል የሕንድ ምዕራባዊ ተራሮች ተወላጅ ነው፤ ኮረሪማ ግን የራሳችን የደቡብ ምዕራብ፣ የከፋና የአካባቢው ጫካ ልጅ ነው። ገመድ ላይ ተሰክቶ ሲሸጥ ብቻ የሚያየው የጎንደር ሰው ከዛፍ ላይ የሚለቀም ይመስለዋል። ፍሬው ግን ቀይ ሆኖ ከተክሉ ሥር፣ መሬት አጠገብ ነው የሚወጣው። ድሮ ከእናርያና ከከፋ የሚነሱ ሲራራ ነጋዴዎች በጎንደር በኩል ወደ ምፅዋ ሲያልፉ ከሚጭኑት አንዱ እሱ ነበር።

«ይሄማ የእኛው ነው»

እዚህ ጋ ሰው ይቆጣል፣ ቀስ ብዬ ልናገር። አብሽ፣ ድንብላልና ጤና አዳም መነሻቸው የሜዲትራንያን ዙሪያና የቅርብ ምሥራቅ ነው። የጥብስ ቅጠልም የሜዲትራንያን ነው። ነጭ ሽንኩርት የመካከለኛው እስያ፣ ዝንጅብልና እርድ የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ናቸው። ቀረፋ የስሪላንካ ነው፣ የአቮካዶ ቤተሰብ። ቅርንፉድ ደግሞ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ማሉኩ ከሚባሉ ትንንሽ ደሴቶች የተነሳ ሲሆን ቤተሰቡን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፦ ባሕር ዛፍ። ዘይቱንም አለበት።

የእኛ የምንለው ምን ቀረ? ብዙ። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ ኑግ፣ ጦስኝ። በተለይ ጦስኝ። ከደባርቅ የሚመጣው ጦስኝ ሱፐርማርኬት በብልቃጥ ከሚሸጠው ታይም ጋር ወገናቸው አንድ ነው፣ ዝርያቸው ግን ሌላ። የብልቃጡ የሜዲትራንያን ነው። የእኛው ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ በዱር አይገኝም፤ የሳይንስ ስሙም ከእ.ኤ.አ. 1837 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ እዚሁ አገር በኖረው በጀርመናዊው ዕፅ ሰብሳቢ በሺምፐር ነው የተሰየመው። ስሜን ተራራ ላይ ሲረግጡት ይሸታል፣ ከእግር ሥር።

ደግሞ «ከውጭ መጣ» ማለት «የእኛ አይደለም» ማለትም አይደለም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ ካየ በኋላ አገራችንን ከዓለም ዋና ዋና የሰብል ብዝኃነት ማዕከሎች አንዷ አድርጎ የቆጠራት በአገሩ ተወላጅ ሰብሎች ብቻ ተደንቆ አልነበረም። ከሌላ ቦታ መጥተው እዚህ ገበሬው እጅ ላይ ብዙ ዓይነት የሆኑትንም አይቶ ነው። የደንቢያ ገበሬ ዘር እየመረጠ ያቆየው ድንብላል የደንቢያ ነው በእኔ ቤት።

«የሳይንስ ስሙ አገሩን ይናገራል»

ቡናን አስቡት። የሳይንስ ስሙ «ኮፊያ አረቢካ» ነው፣ የዓረብ ቡና እንደማለት። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ስሙን ሲያወጣ አውሮፓ ቡናን የሚያውቀው በየመን በኩል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተለጥፎ ቀረ።

ተቃራኒው ደግሞ ኮሶ ነው። «ሃገኒያ አቢሲኒካ» ስለሚባል ብዙ ሰው ከእኛ አገር ሌላ የለም ይላል። አለ፤ በምሥራቅ አፍሪካ ከፍታዎች እስከ ማላዊ ድረስ ይወርዳል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ሰው ሁሉ ኮሶ ሲጠጣ አየ፣ ዛፉን አሣለ፣ በወዳጁ፣ በእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስምም ሊሰይመው ፈለገ። አልሆነለትም። የጸናው የጀርመናዊው የኮኒግስበርግ ሊቅ የሃገን ስም ነው፣ ኮሶን በዓይኑ ማየቱንም እንጃ።

የኮሶ ቤተሰብ ግን ከሁሉም የሚገርመኝ ነው። ጽጌረዳ! ቀጋ፣ ፖም፣ ኮክ፣ እንጆሪ በአንድ ወገን፤ ያ ገና ሲነሳ ፊት የሚያኮሳትር ኮሶ በሌላ ወገን፣ ሁሉም አንድ ቤት። ዛፉ ወንድና ሴት አለው፤ ለኮሶ ትል የሚጠጣው ቀላ ያለው የሴቴዋ አበባ ነው። ልኩ ካለፈ ዓይን ይጎዳል፣ እስከ መታወር ያደርሳል። ዛሬ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ኪኒን እያለ «ባህላዊ ስለሆነ አይጎዳም» ብሎ በግምት መጠጣት አይገባኝም።

«ዘመድ ከሆነ መቅመስ ምን ችግር አለው»

ይሄኛው ስህተት ሆድ ውስጥ ስለሚገባ ነው ወደ መጨረሻ ያቆየሁት። የበርበሬና የቲማቲም ቤተሰብ ውስጥ አጤ ፋሪስ አለ፤ በየቆሻሻው ዳር የሚበቅለው፣ ፍሬው እሾሃም የሆነው። ፍሬው ሰው ያሳብዳል፣ ይገድላልም። የድንብላልና የነጭ አዝሙድ ቤተሰብ ውስጥ ሶቅራጥስ የተገደለበት ሄምሎክ አለ። ስለዚህ ሜዳ ላይ ጃንጥላ አበባ አይቶ «እንስላል ነው» ብሎ መቅጠፍ አይሠራም። በሶብላና ዳማከሴ እንኳ አንድ ወገን ሆነው አንዱ ለሽሮ፣ አንዱ ለምች ነው፤ ዳማከሴ ሽሮ ውስጥ የጨመረች አንዲት ዘመዴ ድስቱን ሙሉ ደፍታዋለች።

አንዳንዴ ግን ዝምድናው ያስጠነቅቃል። አብሽ የባቄላ፣ የሽምብራና የለውዝ (የኦቾሎኒ) ቤተሰብ ስለሆነ ለውዝ የማይስማማው ሰው ለአብሽም ይጠንቀቅ። ጤና አዳምንም እኔ በቆዳዬ ነው የተማርኩት። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ በእኩለ ቀን ፀሐይ እጅጌዬን ሰብስቤ ስከረክመው ዋልኩ። በማግስቱ ክንዴ ቀላ፣ በሦስተኛው ቀን ውኃ ቋጠረ። ጎረቤታችን «ምች መታህ» ብለው ዳማከሴ ይዘው መጡ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ምች ግን አልነበረም። ጤና አዳም ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ቆዳ ላይ ሆኖ የፀሐይ ጨረር ሲያገኘው ያቃጥላል። የሎሚ ጭማቂም ያው ባሕርይ አለው። አሁን የምከረክመው አመሻሽ ላይ፣ እጅጌዬን አውርጄ ነው። ነፍሰ ጡር ደግሞ ጤና አዳምን አፍልታ መጠጣት የለባትም፣ ማህፀን ያኮማትራል፤ ቡና ላይ የምትገባውም ቀንበጥ እስክትወልድ ብትቀርባት ይሻላል።

«አንዴ ካወቅሁት አለቀ»

አላለቀም። ነጭ ሽንኩርትን የተማርኩት የሊሊ ቤተሰብ ነው ተብዬ ነበር፣ አሁን ሌላ ቤት ገብቷል። የጥብስ ቅጠል እ.ኤ.አ. በ2017 የሳይንስ ስሙ ተቀይሮ ሴጅ ከሚባለው ቅጠል ጋር አንድ ወገን ሆነ።

ቅዳሜ ዕለት የአዝሙዱን ነገር ለእማማ ነገርኳቸው፣ የአበባዎቹን ፎቶ በስልኬ እያሳየሁ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት፣ አዩት፣ «እህ፣ ይሄ ሰማያዊው ነው ጥቁሩ?» አሉ። ነው አልኳቸው። «ታዲያ ዘሩን ስትሰበስበው አትቀላቅለውማ፣ ለእኔም ለብቻው ለይተህ አምጣልኝ።»